የአጎቴ ፊሊፕስ ምስል አወጣ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የአጎቴ ጥቁርና ነጭ ፊሊፕስ ቴሌቪዥን ምስል አወጣ! ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

ይህ ቴሌቪዥን በመስታወት ቫልቮች፣ ማለትም ከትራንዚስተር በፊት ያገለግሉ በነበሩ አምፖል መሳይ ቱቦዎች፣ የሚሠራ ነው። የቫልቮቹ ማሞቂያ ሽቦዎች በተርታ የተያያዙ በመሆናቸው እንደ ገና ዛፍ መብራት አንዱ ከተቃጠለ ሁሉም ይጠፋል። እያንዳንዱን እየነቀልኩ በቴስተር ስለካ የሞተው ፒዋይ 81 የተባለው ቫልቭ ሆኖ ተገኘ። ምን አለሽ ተራ ያሉ አንድ አባት ቁጥሩን ተናግሬ ሳልጨርስ ከካርቶን ውስጥ መዘው ሰጡኝ። እንዲህ ያለ እውቀት ያላቸው ሰዎች እያነሱ መሄዳቸው ከልብ ያሳዝነኛል።

ትልቁ ሥራ የወረቀት ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ነበሩ። የተለበጡበት ሰም ቀልጦ ሻሲው (ክፍሎቹ የተገጠሙበት ብረት) ላይ ፈሶ ደርቋል፤ ኤሌክትሪክም ያሾልካሉ። እነሱን ሳይቀይሩ ሶኬት ላይ መሰካት የከፍተኛ ቮልቴጅ ትራንስፎርመሩን ለእሳት መስጠት ነው። የምስል ቱቦው ደግሞ ከጠፋ በኋላም በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሊይዝ ስለሚችል፣ ልምድ የሌላችሁ እባካችሁ ሽፋኑን አትክፈቱ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ለረጅም ዓመታት በጥቁርና ነጭ ቆይቷል። አጎቴ ይህን የገዙት በዚያ ዘመን ነው። ዛሬ የዲሽ ሪሲቨሩን በሞዱሌተር (ምስሉን በአንቴና መስመር ወደሚገባ ሞገድ በሚቀይር መሣሪያ) አገናኝቼ ዜና ከፈትኩላቸው፤ ወንበራቸውን አስጠግተው እስከ ስፖርቱ ድረስ ተመለከቱ።

ድምፁ ገና ይንጫጫል። ለድምፁ ክፍል የሚሆን፣ የሚሠራ ፒሲኤል 82 ቫልቭ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።