ሲኤንኤ ሆንኩ!

እልል በሉልኝ! ዛሬ የቨርጂኒያን የሲኤንኤ (ፈቃድ ያለው ረዳት ነርስ) ፈተና አለፍኩ።

የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለዚህ ሥራ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ከዚያም በላይ ታስተምራለች። የጽሑፉ ፈተና ያን ያህል አያስጨንቅም። ላብ የሚያስወጣው ተግባሩ ነው። ፈታኟ ወረቀቷን ይዛ ቆማ ታይሻለች፤ ትንፍሽ አትልም።

እጅ መታጠብ እንኳ ሥርዓት አለው። ቢያንስ 20 ሰከንድ በሳሙና ማሸት፣ ጣትን ወደ ታች ማድረግ፣ ሲንኩን አለመንካት፣ ቧንቧውን በደረቅ ወረቀት መዝጋት። እናቴ ብታየኝ «ልጄ፣ ቀዶ ጥገና ልትገቢ ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ከሁሉ የወደድኩት ልብስ ማልበስን ነው። አንድ ጎኑ የደከመ ሰው ሲለብስ የደከመው እጅ ይቀድማል፤ ሲያወልቅ ጤነኛው። አያቴን ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ሸሚዝ ለማልበስ ስንት ታግለናል! ያኔ ማን በነገረን።

ደመወዙ ብዙ አያኮራም፣ ወገብም ይፈትናል። ግን ስንቱ ሐበሻ በዚህ በር ገብቶ አርኤን (ሙሉ ነርስ) ሆኗል። የእኔም ዓይን እዚያ ነው። ለጊዜው አሌክሳንድሪያ አካባቢ የሌሊት ሽፍት ያለበት ነርሲንግ ሆም የምታውቁ በኢንቦክስ ጻፉልኝ።