የእድር መዝገብ፣ የቅዳሜ ሚትአፕ እና ያገለገለ ላፕቶፕ

ሰላም ለሁላችሁ። ፈተና አልቆ ትንፋሽ ስላገኘን፣ ከትምህርት ውጪ ስሠራ የከረምኩትን ላካፍላችሁ። የማወራው ስለ ፕሮጀክት፣ ስለ ሚትአፕ (ኮድ የምንጽፍ ሰዎች መገናኛ) እና ስለ ላፕቶፕ ነው። ፕሮጀክቱ ላይ ትንሽ ብቆይ አትፍረዱብኝ።

ጊትሀብ (ኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ የከመርኳቸው ሥራዎች እንደ ብዙዎቻችሁ ናቸው። የሥራ ዝርዝር መያዣ፣ የአየር ሁኔታ ማሳያ፣ ከዩቲዩብ እያየሁ የሠራሁት የኦንላይን ሱቅ። ማንም ተጠቅሞባቸው አያውቅም፤ እኔም ጭምር። የባጃጅ ዋጋ የሚናገር የቴሌግራም ቦትም ጀምሬ ነበር። አዳማ ውስጥ ባጃጅ ኮንትራት ይዞ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደተውኩት ይገባዋል። ዋጋው በድርድር ነው፤ ድርድር ደግሞ ኤፒአይ (ፕሮግራም ከሌላ ፕሮግራም መረጃ የሚጠይቅበት በር) የለውም።

ዘንድሮ የያዝኩት የሰፈራችንን የእድር መዝገብ ነው። ቤታችን ፍራንኮ አካባቢ ነው። የእድራችንን ገንዘብ ያዥ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። መዝገባቸው በማስመሪያ የተሰመረ ትልቅ ጥቁር ደብተር ነው። የከፈለ ሰው ስም አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ይደረጋል። በደህናው ቀን ምንም አይጎድለውም። ለቅሶ ሲመጣ ግን በዚያ ግርግር መሀል ደብተሩ ተገልጦ ስም ይፈለጋል። እኔን የሳበኝ ይህ የስም ፍለጋ ነው።

ፍለጋ ቀላል ይመስላል። "ፀሐይ" ብላችሁ ፈልጉ። የእድሩ ጸሐፊ "ጸሀይ" ብላ መዝግባ ከሆነ ዳታቤዙ የለም ይላችኋል። ጸ ሁለት ዓይነት ነው። ሀ ሦስት ነው፤ በዚያ ላይ ግዕዙና ራብዑ ስንናገር አይለዩም። አባዙት። ይህ አንድ ስም 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል፤ ሁሉም ሲነበብ ያው ነው። ዓለሙና አለሙ፣ ሠናይትና ሰናይትም እንደዚያው።

መፍትሔው ደስ ይላል። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ሆሄ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ) በ3.0 እትሙ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ዘር ስምንት ስምንት ቦታ እየሰጠ በረድፍ ደርድሮታል። ስለዚህ ሠን ሰ ለማድረግ ቁጥሩ ላይ 16 መደመር ነው። ሡም፣ ሢም፣ ሣም በዚያው 16 ይሄዳሉ። ፀን ወደ ጸ ለማምጣት 8 ትቀንሳላችሁ። ሐን ወደ ሀ 16፣ ኀን 128፣ ዐን ወደ አ 48። ከዚያ ሃን ከሀ፣ ኣን ከአ ታዋህዳላችሁ። ጠቅላላ ኮዱ አንድ ስክሪን አይሞላም። አንድ ነገር ግን አደራ። ይህ የተስተካከለው ስም ለፍለጋ ብቻ በሌላ ኮለም ይቀመጥ። ሰው ስሙን የጻፈበት ፊደል አይነካም። በዓይኑ ዐ የሚጽፍ ሰው በአልፋው አ ብትጽፉለት ቅር ይለዋል፤ ልክም ነው።

አዳማ ነንና ሌላም አለ። ስማቸውን በቁቤ የሚጽፉ ብዙ አባላት አሉን። ቁቤ ላይ ሲ የ"ጭ" ድምፅ ነው፤ ኤክስ የ"ጥ"፣ ኪው የ"ቅ"። ጫላ የሚባል ሰው ስሙ በሲ ይጀምራል። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ከላቲን ወደ ፊደል ቀያሪ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ስለሆነ ካላ አድርጎት ቁጭ አለ። ለቁቤ የራሱን ሰንጠረዥ መሥራት ግድ ሆነ። ረጅም አናባቢ ሁለቴ ስለሚጻፍ ለፍለጋ ወደ አንድ ይታጠፋል፤ ዸ ደግሞ ከደ ጋር ይዋሃዳል፤ እሱም 8 መቀነስ ነው። አሁን በየትኛውም ጽሑፍ ብትፈልጉት ጫላ ይመጣል።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጋሼ ፕሮግራሙን ሲያዩ መጀመሪያ ያሉኝ "አንተ ልጅ፣ ጳጉሜን ልታስከፍለን ነው እንዴ?" ነው። እሳቸው ዘንድ ክፍያ 12 ጊዜ ነው፤ በጳጉሜ የከፈለ ሰው ለመስከረም ይያዝለታል። ይህ ደንብ የትም አልተጻፈም። ጋሼ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። እንዲህ ያለውን ነገር ከየትኛውም ቲቶሪያል አታገኙትም።

ለቀኑ ያደረግኩት ይህ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ይቀመጣል፤ ለሰው ሲታይ በእኛ ይቀየራል። ጃቫስክሪፕት ለማሳየቱ ተጨማሪ ላይብረሪ አያስፈልገውም፤ ካሌንደሩን ኢትዮፒክ ስትሉት ራሱ ይቀይራል። ከእኛ ወደ ፈረንጅ የሚመልሰውን ግን ራሴ ጻፍኩት። ዋናው ነገር ዓመቱን ለ4 ስታካፍሉ ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜ 6 ቀን መሆኗ ነው። 2015 እንዲያ ነበር፤ ስለዚህ የ2016 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ዋለ። 2019ም እንደዚያው ይሆናል። ኮዳችሁን በእነዚህ ዓመታት ፈትኑት። ፈረንጆቹ በ2100 ፌብሩዋሪን 29 ስለማያደርጓት ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ይገፋል። ያን ጊዜ ላለው ገንዘብ ያዥ ከወዲሁ አስቤለታለሁ፤ ያመስግነኝ።

ቀጥሎ የመጣው መልእክት መላክ ነው። የብዙዎቹ እናቶች ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ ቴሌግራም አይታሰብም፤ ያለው ኤስኤምኤስ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል። በእኛ ፊደል 70 ብቻ ነው፤ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ግን አትደንግጡ። የእኛ አንድ ሆሄ ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚሸከም 70 ብዙ ያስኬዳል። አሁን የምንልከው ይህን ነው፦

"ከእድሩ፦ የሚያዝያ ክፍያዎ ደርሶናል። እናመሰግናለን።"

ነጥቡንም ክፍተቱንም ቆጥራችሁ 33 ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ያልከፈለ ሰውን ማስታወስ ነበር። ጋሼ አልፈቀዱም። "ሰው በስልክ ዕዳ አይጠየቅም፤ ቤቱ ተሂዶ ነው" አሉ። ስለዚህ ለከፈለ ሰው ደረሰኝ ሆነ። ነገሩን የለወጠው ይሄ ነው። እናቶች መልእክቱ ሲደርሳቸው ለጎረቤት እያሳዩ፣ ያልደረሳቸው ደግሞ ራሳቸው እየመጡ መጠየቅ ጀመሩ። ዕዳ የሚያስታውስ ፕሮግራም ይህን አያመጣም ነበር።

የሚልከው ስክሪኑ የተሰነጠቀ የድሮ አንድሮይድ ስልኬ ነው። ተርመክስ (አንድሮይድ ላይ ኮድ ማስኬጃ መተግበሪያ) ጫንኩበት፣ ሲም ካርድ ከተትኩበት፣ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ተርመክስንና ኤስኤምኤስ እንዲልክ የሚያስችለውን ተርመክስ ኤፒአይን ሁለቱንም ከኤፍድሮይድ (የመተግበሪያ መደብር ነው) አውርዱ። አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ ካወረዳችሁ አይግባቡም። ሁልጊዜ ቻርጅ ላይ የሚውል ስልክ ባትሪው ሊያብጥ ስለሚችል አልፎ አልፎ እዩት።

ደብተሩን የማስቀረት ሐሳብ የለኝም። ጋሼ በወረቀት ካላዩ አያምኑም፤ ስለዚህ በየወሩ እንደ ደብተራቸው የተሰመረ ፒዲኤፍ አትምላቸዋለሁ። ፓይተን ላይ ፒዲኤፍ ስትሠሩ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ከወጣ ፎንቱ (የፊደሉ ቅርጽ) ፋይሉ ውስጥ ስላልተካተተ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት አውርዳችሁ አብራችሁ አስገቡት፤ ያበቃል።

ወደ ሚትአፕ ልምጣ። አዳማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ጥቂት ሆነን አንድ ካፌ እንገናኛለን። ካፌውን የመረጥነው ለማኪያቶው አይደለም፤ ጄኔሬተር ስላለው ነው። ከከተማው ዳር ያሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች አንድ ላይ 204 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እኛ ተርባይኖቹ ሲዞሩ እያየን መብራት እስኪመጣ እንጠብቃለን።

ደንባችን አንድ ነው፤ ስላይድ ክልክል ነው። የሠራ ሰው ላፕቶፑን ይከፍታል፣ ያስሮጠዋል፣ ሌላው ይጠይቃል። የእድሩን ሥራ ያሳየሁ ቀን አንዷ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ኮዱን ትታ "አባልየው ሲሞትስ መዝገቡ በማን ስም ይቀጥላል?" አለችኝ። ዝም አልኩ። እኔ አባል ማለት አንድ ሰው ነው ብዬ ነበር ሰንጠረዡን የሠራሁት። እድር ውስጥ ግን የሚመዘገበው ቤት ነው። ባል ሲያርፍ ሚስት ትቀጥላለች፣ ልጅ ሲያገባ የራሱን ይከፍታል። ያን ማታ ሰንጠረዡን ለሁለት ከፈልኩት፤ ቤት ለብቻ፣ ሰው ለብቻ። በአንድ ጥያቄ ያገኘሁት ትምህርት የአንድ ሴሚስተር የዳታቤዝ ኮርስ ያህል ነው።

አዲስ አበባ የሚደረጉ ትልልቅ ሚትአፖችም እሄዳለሁ። በፈጣን መንገዱ ሩቅ አይደለም። እውነቱን ለመናገር መድረክ ላይ የሚወራው አብዛኛው "ኤአይ ሥራችሁን ሊቀማችሁ ነው" እና "በዚህ በዚህ መንገድ ተማሩ" ነው። የምሄደው ለሻይ ሰዓቱ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ስለ ክፍያ ሲስተም፣ መሀል ላይ ስለሚቋረጥ ኔትወርክ ሲያወራ የምትሰሙት እዚያ ነው።

ኮድፎርስስ (የፕሮግራሚንግ ውድድር ድረ ገጽ) ላይ የምትወዳደሩ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አላችሁ። ውድድሮቹ የሚታወጁት በሞስኮ ሰዓት ነው፤ የሞስኮ ሰዓትና የእኛ ደግሞ አንድ ነው። የተለመደው 17:35 ለእኛ ማታ 11:35 ነው። ችግሩ የዶርም ልጆች እራት በዚያው ሰዓት መሆኑ ነው። ተራ ገብታችሁ እራት አስወጡ።

አሁን ሁሉም ወደሚጠይቀኝ ልሂድ። ምን ላፕቶፕ ልግዛ?

እኔ የምሠራው ባገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው፣ ራሙ ሁለት ቦታ አለው፣ ባትሪውም ሁለት ነው። አንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከኋላ ይነቀላል። ማሽኑን ሳታጠፉ የኋላውን ትቀይራላችሁ፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስሙ የሚመሳሰለው ቲ480ኤስ ግን ከራሙ አንዱ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ስትገዙ ኤሷን ልብ በሉ።

ሻጭ "ኮር አይ 7 ነው" ሲላችሁ ወዲያው አትሸነፉ። ስንተኛ ጀነሬሽን እንደሆነ ጠይቁ። ስድስተኛ ጀነሬሽኑ አይ7-6600ዩ ሁለት ኮር (ሥራ የሚካፈል የፕሮሰሰር ክፍል) ብቻ ነው ያለው። ስምንተኛው አይ5-8250ዩ አራት አለው። ብዙ ጊዜ ግን ዋጋው የሚወደደው ሰባት ቁጥር ያለበት ነው። ስቲከር ይለጠፋል፤ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ከፍታችሁ ራሳችሁ አንብቡ። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በኦክቶበር 2025 ስላበቃና 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ በታች ያለውን በአብዛኛው ስለማይቀበል፣ ሊኑክስ ለማትጭኑ ሰዎች ይህ ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማችኋል። እኔ ሊኑክስ ሚንት ነው የጫንኩት፤ ሰላም ነኝ።

ሱቅ ስትገቡ የባትሪ ሪፖርት አውጡ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውንና አሁን የቀረውን አቅም አጠገብ ለአጠገብ ያሳያል። ባዮሱ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) በፓስወርድ እንዳልተቆለፈ ገብታችሁ እዩ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ። ማክቡክ ኤር ኤም1 የገዛ ጓደኛችን በባትሪው ይኩራራል፣ ሐቁም ነው። ግን ራሙ አይጨመርም፤ ከመክፈላችሁ በፊት በቀድሞው ባለቤት ወይም በድርጅት አካውንት እንዳልታሰረ አረጋግጡ። የጌም ላፕቶፕ? ለዶርም ሕይወት ይከብዳል፣ ባትሪው አይቆይም። በቃ።

ራማችሁ 8 ጊጋ ከሆነና አንድሮይድ የምትሠሩ ከሆነ ኢሙሌተሩን (ላፕቶፑ ላይ የሚከፈተውን የስልክ ማስመሰያ) ተዉት። ስልካችሁን በኬብል ሰኩትና እሱ ላይ አስሩጡ። የአዳማ አቧራም ቀልድ አያውቅም፤ ማሽኑ መጮህ ሲጀምር ፋኑን አስጠርጉ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ቴርማል ፔስትም አብራችሁ አስቀይሩ።

የቀረኝ ሥራ አለ። ፋይሉ በየእሑዱ ተቆልፎ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፤ ግን ሌላ ሰው ከፍቶ መመለስ መቻሉን ገና አልሞከርንም። የጎረቤት እድርም ለእኛም ሥራልን ብሏል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ቅደም ተከተል ነው። በፊደልም በቁቤም የተጻፉ ስሞች ያሉበትን ዝርዝር አንድ ገጽ ላይ እንዴት ትደረድሩታላችሁ? በሀ ሁ ወይስ በኤ ቢ ሲ? ጋሼ "ድሮም በቤት ቁጥር ነበር" ይላሉ፤ ጸሐፊዋ ደግሞ በስም ካልሆነ አልፈልግም ብላለች። የሞከረ ካለ ቅዳሜ መጥቶ ያሳየን፤ ማኪያቶው በእኔ ነው።