የዳማ 14 ቀናት

ትናንት የውሻዬ የዳማ ስፌት ወጣ። እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን ከተደረገች 14ኛ ቀኗ ነበር። ሆዷ ላይ የቀረው ቀጭን ሮዝ መስመር ብቻ ነው። ውሻ ያላችሁ ሰዎች ደስታዬ ይገባችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቶሎ ልለፋቸው። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ከላዳ ወርደን ደረጃውን ታቅፌያት ወጣሁ። ማደንዘዣው ገና ስላልለቀቃት ሌሊቱን ስትንቀጠቀጥና ስታለቅስ አደረች፤ ጋቢ አልብሻት አጠገቧ ተኛሁ። ማታ ላይ ትንሽ ሩዝና ቅቅል ሥጋ ሰጠኋት። ሽንኩርት የለበትም፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ስለሆነ የወጥ ትራፊ በፍጹም አትስጡ። በማግስቱ ሳህኗን ልሳ ጨረሰች።

ዋናው ፈተና ግን መላስ ነው። «የውሻ ምላስ ቁስል ያድናል» ሲባል ያልሰማ የለም። አትመኑ። ምራቋ ጀርም አለው፣ ምላሷ ደግሞ ክሩን ይጎትታል። ይህን የተማርኩት በእሷ ቁስል ነው። በአራተኛው ቀን፣ ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ ታስሮ ፊቷን ዙሪያውን የሚከልለው የፕላስቲክ ኮን ከበሩ ጋር እየተጋጨ፣ ውሃ መጠጣት አቅቷት ቆማ ስታየኝ አላስቻለኝም፣ አወለቅኩላት። ለትንሽ ጊዜ ነው ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሌሊት የመላስ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መብራት ሳበራ ሁለት ስፌት የለም፤ የቆዳው ጠርዝ ቀልቶ እርጥብ ሆኗል። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጠዋት ሐኪሙ አያት። የውስጠኛው ስፌት አልተነካም፤ ቁስሉን አጥቦ አንቲባዮቲክ ሰጠን። ከዚያ ኮኑን ከፊቷ ጋር ለካው። አጭር ነበር! ኮን ከአፍንጫዋ ጫፍ ጥቂት ጣት አልፎ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ጎንበስ ብላ ትደርስበታለች። በማግስቱ ሰፋ ያለ ገዛሁ። ለውሃውም ጠባብ ጎድጓዳ ሳህን በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ፤ ኮኑ ሳህኑን ዙሪያውን ስለሚያልፈው ያለ ችግር ጠጣች። ቀን ቀን አጠገቧ ስሆን ደግሞ አሮጌ ቲሸርት አለበስኳት፦ ጭንቅላቷ በአንገቱ፣ የፊት እግሮቿ በእጅጌው፣ ትርፉን ጨርቅ ጀርባዋ ላይ ሰብስቦ በፀጉር ላስቲክ ማሰር። ሽንት ስትወጣ ላስቲኩን መፍታት ነው። በየቀኑ ይታጠባል። ማታ ግን ኮን ብቻ፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ጎረቤታችን እትዬ «ፓራሲታሞል ቆርጠሽ ስጫት» ብለውኝ ነበር። ከልባቸው ነው ያዘኑላት፤ ግን የሰው ማስታገሻ፣ በተለይ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፣ የውሻን ሆድና ኩላሊት ይጎዳል። ሐኪሙ የሰጣችሁን ብቻ ስጡ። ቁስሉ ላይ አልኮልም አታፍስሱ። ጠዋትና ማታ እዩት፤ እብጠቱ ከጨመረ፣ ከሸተተ፣ መግል ካለው ወይም ድዷ ከነጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዷት።

ሁሉንም በትክክል አድርጌያለሁ አልልም። በዘጠነኛው ቀን ያለ ገመድ በሩን ከፈትኩ፣ የልጆች ድምፅ ሰምታ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ስፌቱ ስለያዘ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሽንት ለማስወጣት እንኳ በገመድ መሆን ነበረበት።

ትልቁን ኮን አጥቤ አስቀምጫለሁ። መካከለኛ ውሻ ያላችሁና ኦፕራሲዮን ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ፣ ልደታ መጥታችሁ ውሰዱት።