ጨጓራ ይሻላል

ቡሬ ውስጥ በርበሬ በሚሸጥበት ወቅት ባንክ መስኮት ላይ ተቀምጦ የማያስነጥስ የለም። ነጋዴው ብሩን ከማዳበሪያ እያወጣ ይቆልልልሃል። መቁጠሪያ ማሽኑ ሲያራግበው በርበሬው አብሮ ይነሣል። አፍንጫ ይበላል፣ ዓይን ያነባል። ደንበኛው “ይማርህ” ሲልህ ቆጠራው ይጠፋሃል፣ እንደገና ትጀምራለህ። በዚያ ዓመት ግን በርበሬው ውለታ ውሎልኛል። ዓይኔ ለምን እንደቀላ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ጠዋት የጫማ ክር ማሰር ራሱ የቀን ሥራ ይሆንብኛል። እህል አፌ ውስጥ እንጨት እንጨት ይላል። መስኮት ላይ ሰው ሲያዋራኝ ከንፈሩን አያለሁ እንጂ የሚለው አይገባኝም። አንድ ማታ ካሽ ስዘጋ 2,000 ብር ሾርት ወጣሁ። ከኪሴ ከፈልሁ። ይሄ ያለ ነው፤ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሁሉ አንድ ቀን ይከፍላል። ያስደነገጠኝ ምንም አለመናደዴ ነው። ሁለት ሺህ ብር አጉድሎ ያልተናደደ ካሸር ጤነኛ አይደለም።

ያወቀችብኝ የቮልት ጓደኛዬ ናት። ቮልት ማለት የባንኩ የብር ካዝና ነው፤ በአንድ ሰው አይከፈትም፤ አንዱ ቁልፍ ከእኔ ዘንድ፣ ሌላው ከእሷ ዘንድ ነው። ጠዋት አብረን እንገባለን፣ ማታ አብረን እንዘጋለን። አንድ ቀን ቁልፏን ሳትከት ቆም አለችና፣

“ምን ሆነሃል?” አለችኝ።

“ደክሞኝ ነው።”

“እሱን ለሌላው ንገረው። እኔ በየጠዋቱ ካንተ ጋር እዚህ የምገባ ሰው ነኝ።”

ታናሽ ወንድሟ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ሲታከም እንደቆየ የነገረችኝ ያን ዕለት ነው። የትኛው ሕንፃ እንደሆነ፣ ካርድ የት እንደሚወጣ፣ ማለዳ ካልደረስሁ ሰልፉ እንደሚረዝም ሁሉ ነገረችኝ። ምክር ግን አልመከረችኝም። “አይዞህ” እንኳ አላለችኝም። ቁልፏን ከተተች፣ ሥራ ጀመርን።

ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። ከቡሬ ተነሥቶ ማንኩሳን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ጅጋን፣ ደምበጫን አልፎ ማርቆስ መድረስ ቀላል ነው። ከደምበጫ ወዲያ ግን ረዳቱ “አማኑኤል ወራጅ አለ?” ብሎ ጮኸ። አማኑኤል የማቻከል ወረዳ ከተማ እንደሆነች አሳምሬ አውቃለሁ። የአዲስ አበባው የአእምሮ ሆስፒታል ስሙ ያው ስለሆነ ግን ሚኒባሱ ሙሉ እኔን ያየኝ መሰለኝ።

ማርቆስ የተቀበለችኝ ሲስተር የአእምሮ ነርስ ናት። ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት ወረቀት አወጣች። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ደስታ አጣህ፣ ምን ያህል ጊዜ እንቅልፍ እምቢ አለህ፣ እያለ ይቀጥላል። መልሱ ከ0 እስከ 3 ነው። ዘጠነኛው ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው። እሱን ስትጠይቀኝ ድምፅዋ አልተቀየረም፤ ስለ እንቅልፍ በጠየቀችበት ድምፅ ጠየቀችኝ። እኔም በዚያው ድምፅ መለስሁላት። ሰው እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ደመረች። “16” ብላ ጻፈች።

አፌን መግታት አቃተኝ። የገንዘብ ሰው ቁልቁል የተጻፈ ቁጥር አይቶ አያልፍም። “ሲስተር፣ 17 ነው” አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ። እንደገና ደመረችው። 17 ሆነ። “ከዚህ በፊት አስጨምሮ የወጣ ሰው አላጋጠመኝም” አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። መሳቅ እንደነበረብኝ የገባኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው።

ሥራዬን ስነግራት አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን የድብርት መድኃኒት ተወችው፤ ማታ የሚወሰድ ሆኖ ጠዋት ሊያፈዝዝ ይችላል። በፋንታው ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም፣ ጠዋት ጠዋት። “ሁለት ሦስት ሳምንት ምንም ላይመስልህ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሽሃል። እንዳታቋርጥ። ሐሳቡ ከባሰብህ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ወዲያው ና።” እናቴ ጸበል እያለች መሆኗን ስነግራት አልተቆጣችም። “ጸበሉንም ሂድ፣ መድኃኒቱን ግን አትተው” አለችኝ። ከዚያ ሕመሙ ድብርት መሆኑን ገልጻ የዕረፍት ወረቀት ጻፈችልኝ።

ነገሩ የተበላሸው በወረቀቱ ነው። ወይም የተቃናው። እስከ ዛሬ አልወሰንሁም።

ሥራ አስኪያጃችን ወረቀቱን አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። ተነሥተው በሩን ዘጉና ተመልሰው ተቀመጡ።

“ይሄን ማን ማን አይቶታል?”

“እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ጋሼ።”

“እግዚአብሔር ይመስገን።” እንደገና አነበቡት። “ሜጀር ዲፕሬሲቭ ይላል እኮ! ማይነር ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው።”

ዝም አልሁ።

“ስማኝ ልጄ። አንተ ቁልፍ የያዝህ ሰው ነህ። ካሸር ጨነቀው ከተባለ ዋናው መሥሪያ ቤት ‘ምን ሆነ?’ ብሎ አይጠይቅም። ‘ስንት ጎደለ?’ ነው የሚለው። ነገ ኦዲተር መጥቶ እዚህ ቁጭ ይላል።”

“የጎደለ የለም።”

“እኔ አውቃለሁ። እነሱ አያውቁም።”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“ጨጓራ አስብለህ አምጣ።”

“ጨጓራ የለብኝም፣ ጋሼ።”

“ማን የሌለበት አለ? እኔም አለብኝ። ጨጓራ ያለበትን ሰው ማንም ቁልፍ አይነሳውም።”

አዋጁን ጠቀስሁላቸው። የሠራተኛ ጉዳይ ስወድ አይጣል ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን አንብቤዋለሁ። በዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለ። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ የቀረው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። የሚፈለገው የሕክምና ማስረጃ ነው። “‘ይሄኛው በሽታ ይሻላል፣ ያኛው ይቅር’ አይልም። አዋጁ በሽታ አይመርጥም” አልኋቸው።

“አዋጁ አይመርጥም” አሉ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ እየገፉ። “ቡሬ ይመርጣል።”

ለዚህ ምን ይመለሳል? ያን ሌሊት መልሱን ደርዘን አድርጌ አዘጋጅቼዋለሁ። ገላዬን ስታጠብም ጨምሬበታለሁ። ጠዋት ግን ማርቆስ ደውዬ ሲስተሯን ነገርኋት። “ያልታመምኸውን በሽታ አልጽፍም” አለች፤ ቆጣ ብላለች። “የታመምኸውንም ለሁሉ ማሳየት የለብህም። ለሕክምና ክትትል ዕረፍት ያስፈልገዋል ብዬ እጽፋለሁ፣ ከበቃቸው ይብቃቸው።” እንደዚያው ጻፈች። የቮልት ጓደኛዬ ወንድም ያን ጊዜ እዚያው ማርቆስ ስለነበር ወረቀቱን ተቀብሎ ላከልኝ።

ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ወረቀት ተቀበሉ። አሮጌውን መለሱልኝ። በማግሥቱ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ፣ እኔ በሌለሁበት፣ “ወንድማችን ጨጓራው ክፉኛ ተነሥቶበታል፣ ጠይቁት” ብለው ለሠራተኛው ሁሉ አወጁ። ሲስተሯ ያልጻፈችውን እሳቸው በቃል ጻፉት።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። ሰው መጣ።

ያን ሁሉ ወር ፊቴ ጠቁሮ፣ ጢሜ አድጎ፣ ምሳ ሳልበላ ስውል አንድም ሰው ቤቴን አንኳኩቶ አያውቅም። ጨጓራ ሲባል ግን ቤቴ የለቅሶ ቤት መሰለ። የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ የተቆላ ተልባ ይዘው መጡ። ጥበቃው ማር አመጣ፤ ከነጭ ሽንኩርት ጋር በባዶ ሆድ ይሁን አለኝ። አንዷ ወተት፣ አንዱ ሙዝ። እትዬ ተልባውን ራሳቸው በጠበጡት፣ ራሳቸው አጠገቤ ቆመው አስጨረሱኝ። “ጨጓራ ቀልድ አይደለም፤ ቀጥ አርገህ ጠጣ።” ከዚያ ቡና ይፈላል። ለእኔ ቡና ክልክል ነው ተብሎ ሽታው ብቻ ይደርሰኛል። ማን ሾርት እንደወጣ፣ ማሽኑን ማን እንደሰበረው፣ የትኛው ነጋዴ ብድር ለማስፈቀድ የማንን ሠርግ እንደደገሰ ይወራል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አዳምጣለሁ። እንድናገር የሚጠብቅ የለም፤ ጨጓራ ያመመው ሰው አይናገርም።

ከመካከላቸው አንዱ፣ የብድር ክፍሉ ልጅ፣ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ፣ “እኔማ እውነቱን ልንገርህ፣ ሥራ ጠልቶ ነው ብዬ ነበር። ጨጓራ መሆኑን ስሰማ አንጀቴን በላኸው” አለኝ። አመሰግናለሁ አልሁት። ምን ልበለው?

ደግሞ ሌላው ጉድ፣ ክኒኑ በእርግጥም አቅለሸለሸኝ። ሲስተሯ አስጠንቅቃኝ ነበር። መጀመሪያው ሳምንት ላይ እትዬ ፊት ሆዴን ይዤ ተጎነበስሁ። “አይ የኔ ልጅ!” አሉ። ሥራ አስኪያጁ የፈጠሩትን ጨጓራ መድኃኒቱ እውነት አደረገላቸው። ለድግስ ስጠራም ጠላና አረቄ የሚያስገድደኝ ጠፋ። “ከክኒኑ ጋር መጠጥ አይሆንም” ብል ኖሮ “የምን ክኒን?” ነው የሚከተለው። “ጨጓራ” ስል ግን አስተናጋጁ ብርጭቆዬን ራሱ ያነሣዋል።

መሻሌን ያወቅሁት ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ነው። መስኮት ላይ ተቀምጬ ሳለ ያቺ የጎደለችው 2,000 ብር ትዝ አለችኝ። ደሜ ፈላ። ለማን ትርፍ አድርጌ እንደሰጠሁ ቀኑን በሙሉ ሳሰላ ዋልሁ። በቀጠሮዬ ቀን ለሲስተሯ ነገርኋት። “ጥሩ ነው፣ ተናደድ” አለችና ካርዴ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ደህና ከሆንሁ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር መውሰድ እንዳለብኝ አስረገጠችልኝ።

እኔና የቮልት ጓደኛዬ በሥራ አስኪያጁ ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እሷ “ቁልፍህን አተረፉልህ፣ ሰውም አመጡልህ” ትላለች። እኔ ደግሞ ራሳቸውን ከኦዲተር አተረፉ እላለሁ። እትዬ ተልባውን በጥብጠው ያጠጡት ለእኔ ነው ወይስ ለጨጓራዬ? እሷ “ሆድህ ያንተ አይደለም እንዴ?” ብላ ትስቅብኛለች። መልስ አጥቼ አይደለም፤ እየሳቀች ስለሆነ ነው የምተዋት።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ባሕር ዳር ተዛውረዋል። በሽኝታቸው ላይ ሠራተኛን እንደ ቤተሰብ ስለማየት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ሲሰናበቱኝ ጆሮዬ ሥር፣ “ጨጓራህን አደራ” አሉኝ። “እርስዎም የእርስዎን” አልኋቸው። ትንሽ አዩኝ።

ባለፈው ደግሞ ከአዲሶቹ ቴለሮች አንዱ፣ ገና ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ካሽ ስንዘጋ ተጠጋኝና፣

“ጋሼ፣ ሰኞ መስኮቴን ሰው ቢይዝልኝ። ጨጓራዬን ልታከም ማርቆስ ልሄድ ነው” አለኝ።

ለጨጓራ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ማርቆስ የሚሄድ የቡሬ ሰው የለም። ፊቱን አየሁት። በርበሬው ገና አልወጣም ነበር፣ ዓይኑ ግን ቀልቷል።

“መስኮቱን እኔ እይዛለሁ። ማለዳ ውጣ፣ ሰልፍ አለው” አልሁት። “ደግሞ ደምበጫን ስታልፉ ረዳቱ አማኑኤል ብሎ ይጮሃል፣ እንዳትደነግጥ። ክኒን ከሰጡህ ቁርስ በልተህ ዋጠው፣ ያቅለሸልሻል።”