ከቀዝቃዛው ውሃ ያወጣኝ አምላክ

ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመነታሁ። ያንን ቀን ሳስበው አሁንም ጣቶቼን ቆፈን ይይዛቸዋል። ግን ውሃው ውስጥ ሆኜ "ካወጣኸኝ እናገራለሁ" ብዬ ለእግዚአብሔር ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ ልናገር።

የብርድ ወራት ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይዋም ደስ ትላለች። እንደ አባት ከማያቸው ሰው ጋር በትንሽ የሞተር ጀልባ ሐይቅ ላይ ዓሣ ልናጠምድ ተቀጣጠርን። ጋሼ ነው የምላቸው። ውሃ ላይ ብዙ ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው።

እኔ ጂንስና የጥጥ ቲሸርት ለብሼ፣ ጃኬት ደርቤ መጣሁ። ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩኝና "አየሩን አይተህ ነው የለበስከው። ውሃውን አስበህ ልበስ" አሉኝ። ጥጥ አንዴ ከራሰ ብርዱን ገላ ላይ ይለጥፈዋል። ሱፍ ግን ርሶም ቢሆን ትንሽ ሙቀት ይይዛል። ከመኪናቸው የሱፍ የውስጥ ልብስ፣ ወፍራም ሹራብና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት አውጥተው አስቀየሩኝ። ከዚያ ላይፍ ጃኬቱን ራሳቸው አለበሱኝ። ማያያዣውን አንድ በአንድ ቆለፉ፣ በእግሮቼ መካከል የሚያልፈውን ቀበቶ እንኳ አልተዉም። እኔ መቀመጫው ስር ላስቀምጠው ነበር ያሰብኩት። ተናደድኩ፣ ግን ዝም አልኩ።

ባለቤቴንም ወረቀት አስይዘው አስጻፏት። ከየት እንደምንነሳ፣ ሐይቁ ላይ የቱ ጋ እንደምንሆን፣ የጀልባው ቀለም፣ የምንመለስበት ሰዓት። 9 ሰዓት ላይ ልደውልላት፣ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ካልደወልኩ ደግሞ ለነፍስ አድን ሠራተኞች እንድትደውል ተስማማን።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ልንመለስ ስንል መልህቁ ታች ያዘ። ከፊት በኩል ነበር መጎተት ያለበት። እኔ ቸኩዬ ከኋላ በኩል ቆሜ ጎተትኩት። የጀልባው ኋላ በሞተሩ ክብደት ድሮም ዝቅ ያለ ነው። የእኔ ክብደት ሲጨመርበት ውሃው በላዩ ገባ። ቀጥሎ የመጣው ሞገድ ገለበጠን። ለ9 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነበር።

የዚያን ውሃ ብርድ እንዴት ብዬ ላስረዳ? ደረቴን በመዶሻ የመቱኝ ያህል ነበር። ሳልፈልግ አፌ ተከፍቶ አየር ሳበ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። ትንፋሼን ማዘዝ አቃተኝ። ያኔ ጭንቅላቴ ከውሃ በታች ቢሆን ኖሮ የምስበው ውሃ ነበር። ላይፍ ጃኬቱ ግን አገጬን ከውሃው በላይ ይዞታል። ልጸልይ ፈለግሁ፣ ከአፌ የወጣው "ጌታ ሆይ" ብቻ ነው። ወዲያው የጋሼ ድምፅ መጣ። "አትዋኝ! ቀስ ብለህ ተንፍስ! አሁን ይለቅሃል!"

እውነትም አንድ ደቂቃ ቢሆነው ለቀቀኝ።

ኋላ ላይ እንዳነበብኩት፣ በብርድ ላይ የሚመራመሩት የካናዳው ፕሮፌሰር ጎርደን ጊዝብሬክት ይህን 1፣ 10፣ 1 ብለው ያስተምሩታል። ትንፋሽህን ለመግራት 1 ደቂቃ፣ እጅና እግርህ እሺ እያሉህ የሚቆዩበት 10 ደቂቃ፣ ብርዱ ራስህን እስኪያስትህ ድረስ ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ። እኔ ግን ዳርቻው ቅርብ መስሎ ስለታየኝ ልዋኝ ተነሳሁ። ጋሼ ጃኬቴን ጨምድደው ያዙኝ። "ጀልባው አልሰጠመም፣ አንለየውም" አሉ። ጣቶቻችን ሳይከዱን ተጋግዘን በተገለበጠው ጀልባ ላይ ወጣን። እግራችን ብቻ ውሃ ውስጥ ቀረ። ውሃ ከአየር ይልቅ 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳልና ያ መውጣት ትልቅ ነገር ነበር።

ስልኬን አወጣሁ። ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ነው፣ ግን ከጃኬቴ ጋር አላሰርኩትም። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ፣ ተንሸራቶ ሄደ። ያን ጊዜ ተስፋዬ ተቆረጠ። ተቃቅፈን ተጠጋግተን ተኛን፣ ፊሽካ በየተራ ነፋን። ሌላ የምናደርገው አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው ጋሼ መንቀጥቀጥ ሲያቆሙ ነው። ሞቃቸው ብዬ ነበር። ከዚያ የማይገናኝ ነገር ማውራት ጀመሩ። እጃቸውን ብይዘው ድንጋይ ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ራሴ "ጌታ ሆይ" ከማለት በቀር ያልጸለይኩ ሰው፣ ስለ እሳቸው ጮክ ብዬ አለቀስኩ። "አምላኬ፣ እኚህን ሰው በእኔ ስህተት አትውሰድብኝ" አልኩት።

ቤት የሆነውን ባለቤቴ ነው የነገረችኝ። 9 ሰዓት ሲሆን ደወለች፣ ስልኬ አይጠራም። ተንበረከከች። ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነበረባት። ነገር ግን "አሁን ደውዪ" የሚል ነገር ልቧን አላስቀምጣት አለ። ደወለች፣ ወረቀቱንም ቃል በቃል አነበበችላቸው። ያ ግማሽ ሰዓት የጋሼ ሕይወት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ማንም አያስለውጠኝም።

ሠራተኞቹ ጋሼን በአግድም አስተኝተው ነው ያነሷቸው። እንዲህ የበረደው ሰው ቀጥ ብሎ ከቆመ ልቡ ሊከዳው ይችላል። እኔ እጃቸውን ላሸት ስል ከለከሉኝ። እጅና እግር ማሸት ቀዝቃዛውን ደም ወደ ልብ ይልከዋል አሉኝ። እርጥቡን ልብስ በመቀስ ቀደው አወጡ፣ ደረታቸውንና ብብታቸውን አሞቁ። ለማሞቅ ብሎ አልኮል መስጠትም እንደዚሁ አደጋ ነው፣ ሙቀት እንዲያመልጥ ያደርጋል። ይህን የምጽፈው አንዱ ቢያስታውሰው ብዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ቃላት አዘጋጅቼ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ጠፉብኝ። ጋሼ "ና እስቲ ልጄ" ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጨበጥኩት። ሞቃት ነበር።