ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ኢንጂን የነከሰብኝ ቀን

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው የምሰራው። ሞተር ሳይክል ደሞ ነፍሴ ነው፣ የራሴ ቦክሰር አለኝ፣ ካቴናዋን አጥቤ ዘይት የምቀባው እኔው ነኝ፣ ካንዴላዋን ፈትቼ ሳላይ ወር አያልፍም። እና መስሪያ ቤት ያማሃ ኤጂ 100 ፈርሜ ስረከብ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ አሮጌ ብትሆንም ለገጠር ስራ ተብላ የተሰራች ናት፣ ካቴናዋ እንኳን ሙሉ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ጭቃ አያገኘውም።

ልዩነቱ የኔዋ ፎር ስትሮክ፣ ያቺ ደሞ ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠል ቱ ስትሮክ መሆናቸው ነው። የያማሃዋ የዘይት ፓምፕ ደሞ እኔ ከመምጣቴ በፊት ተበላሽቶ ስለተነቀለ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅለን ነበር የምንሞላው፣ ለ1 ሊትር 40 ሚሊ ሊትር። ይሄን አውቃለሁ፣ ራሴ ነኝ የምለካው። ምን ማለት እንደሆነ ግን አላሰብኩበትም።

የዛን ቀን ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የበግ ክትባት በበረዶ ሳጥን ጭኜ እየሄድኩ ነው። ጣርማ በር እንደልማዱ በጉም ተሸፍኗል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ነውና እጅ ያደነዝዛል። በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረውን ዋሻ አልፌ ቁልቁለቱን ስጀምር በቦክሰሯ የለመድኩትን አደረግኩ፣ ሶስተኛ ማርሽ አስገብቼ የነዳጅ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ዘግቼ ኢንጂኑ እንዲይዛት ተውኩት። ቁልቁለት በማርሽ ይወረዳል እየተባልን ነው ያደግነው፣ ከኋላዬም ሲኖትራክ አለ፣ ፍሬን ማቃጠል አልፈለግኩም።

ብዙ ከወረድኩ በኋላ ድምጿ ተቀየረ። ደረቅ የሆነ፣ ብረት ብረት የሚል ጩኸት፣ ከዛ ኢንጂኑ ነከሰ፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣበቀ፣ የኋላ ጎማው በአንዴ ቀጥ አለና ቂጧ ወደ ግራ ተንሸራተተ። ጣቴ ኢንጂኑን ከጎማው የሚለየው ፍሪሲዮን ላይ ስለነበር ሳላስበው ጨበጥኩት፣ ጎማው ተለቀቀ፣ ዳር ይዤ ቆምኩ። ሲኖትራኩ ጥሩምባውን እያስጮኸ አለፈኝ። እግዚአብሔር ነው ያተረፈኝ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ግማሽ ሰዓት ከቀዘቀዘች በኋላ ኪኩ በግድ ወረደ፣ አላስነሳኋትም፣ በፎሌ፣ ማርሽ ሳላስገባ፣ በፍሬን ብቻ ቀስ እያልኩ እየቆምኩም ደብረ ሲና ገባሁ። ቆሎ ከሚሸጡት እናቶች አንዷ የክትባት ሳጥኑን ጥላ ስር አስቀመጡልኝ፣ "ልጄ ፊትህ አመድ መስሏል" ብለው ውሃ ሰጡኝ። ባልደረባዬ መጥቶ ክትባቱን ወሰደ፣ በረዶው አልቀለጠም ነበር።

መካኒኩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሲሊንደሩን ፈተው ፒስተኑን እጄ ላይ አስቀመጡት። በአንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች በምስማር የተፋቀ የሚመስል ጭረት፣ አሉሚኒየሙ ቀልጦ ፋሻውን፣ የፒስተኑን ቀለበት፣ ቦታው ላይ አጣብቆታል። "ምን ያህል ዘይት ቀላቀልክ?" አሉኝ፣ ነገርኳቸው። "ልክ ነው። አወራረድህስ?" ነገርኳቸው። ዝም ብለው ካርቡራቶሩን አነሱና ነዳጅ ከፋቹን በጣታቸው ዘጉት።

"ይኸው ዘጋህ። ቤንዚን እምብዛም አይገባም። የዚች ዘይት ያለው ቤንዚኑ ውስጥ አይደል? ጎማው ግን ኢንጂኑን እያሽከረከረው ነው፣ በደረቁ።"

ያኔ ነው የገባኝ። የቦክሰሯ ዘይት ኢንጂኑ ስር ተቀምጦ ነዳጅ ሰጠህ አልሰጠህ ይዞራል፣ የያማሃዋ ግን ነዳጅ ስትከለክላት ዘይትም ከለከልካት ማለት ነው። እኔ ያጠፋሁት ለቦክሰሯ ትክክል የሆነውን ነገር እሷ ላይ በማድረጌ ነው።

መስሪያ ቤት ውስጥ ትወገድና ሌላ ትጠየቅ የሚሉ ነበሩ። እኔ አልተስማማሁም፣ ፍሬሟ ደህና፣ ማርሿ ደህና፣ ምኗ ይወገዳል? ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ በ0.50 ሚሊ ሜትር ሰፋ፣ በልኩ ፒስተንና ፋሻ ተገዛ። ጥፋቱ የአነዳዴ መሆኑን ሪፖርቱ ላይ ራሴ ጻፍኩ፣ ሞተሯ ላይ የሚላከክ ነገር አልነበረም፣ ከኔ በኋላ የሚረከባትም ሰው ምክንያቱን ማወቅ አለበት።

ቁልቁለት ላይ አሁን ትንሽ እንደወረድኩ ፍሪሲዮን እይዝና ነዳጁን አንዴ ከፈት አደርጋለሁ፣ ዘይት እንዲደርሳት፣ ፍሬኑንም ቆጥቤ ሳይሆን ከኢንጂኑ ጋር አጋግዤ እጠቀማለሁ፣ ሸራው ካለቀ ይቀየራል። የዋሻውን ማዶ ቁልቁለት ስጀምር እጄ ሳላዘው ነው የሚያደርገው፣ ከኋላ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ስትል በመስታወት አያታለሁ።