የወጌሻው ማሰሪያ

ፎቶው እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። ልሰርዘው እልና እተወዋለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ነው። ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ባለችው ሱቄ ቦርሳ እየሰፋሁ አንድ ወጣት ገባ። ከኪሱ ትንሽ ሳጥን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ታይሜክስ ማርሊን። ድርጅቱ የ1960ዎቹን ሞዴል በፈረንጆቹ 2017 መልሶ ያወጣት፣ በእጅ የምትሞላ፣ ፊቷ ብርማ፣ መስታወቷ ጎበጥ ያለ። አሜሪካ ያለ አጎቱ ለሠርጉ ነው የላከለት።

"ቆንጆ ናት" አለ። "ሳስራት ግን የእህቴን ሰዓት የሰረቅሁ ነው የምመስለው።"

እጁን አየሁት። እውነቱን ነው። ሰዓቷ 34 ሚሊ ሜትር ናት። የሱ አንጓ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ታንኳ የቀዘፈ ሰው ይመስላል። ባንክ ነው የሚሠራው።

ደጃፌ ላይ ሰዓት የሚጠግኑ ጋሼ አሉ። ሳይጠሩ መጡ። ሰዓቷን ተቀብለው ሞሏት፣ ጆሯቸው ላይ አደረጉ፣ ከዚያ ማንንም ሳያስፈቅዱ ከፈረንጅ ሰዓት ወደ ሐበሻ ሰዓት አዞሯት። ይሄ ልማዳቸው ነው።

"ጤነኛ ናት" አሉ። "ቀጠን ያለ ማሰሪያ አድርግለትና ይሂድ። ሌላ ነገር አትጨማምርበት።"

ሌላ ነገር ለመጨማመር ያሰብኩት ያኔ ሳይሆን አይቀርም። የራሳቸው ሰዓት ማሰሪያ ከተበጠሰ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በሲባጎ ነው የያዙት። እሳቸው ስለ ማሰሪያ ሊያስተምሩኝ?

ልጁን አስቀምጬ ትምህርት ጀመርኩ። ማሰሪያው የሚገባበት የሰዓቷ ጆሮ ስፋት 18 ሚሊ ነው። 17 ብትሰፋለት ክፍተቱ ይታያል፤ 19 ብታስገባ ጠርዙ ይጨማደዳል። ዋናው ነገር ግን ወደ ዘለበቱ ሲሄድ የሚጠብበት መጠን ነው። ከ18 ተነስቶ 14 ላይ የሚያልቅ ማሰሪያ ሰዓቷን የባሰ ያሳንሳታል። 16 ላይ ካቆምከው እጅ ላይ ቦታ ትይዛለች። የሚያብረቀርቅ ጥቁር አትምረጥ፣ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ይሁን፤ ስፌቱም ነጣ ብሎ ይታይ። ውፍረቱ ጆሮው ጋ 3 ሚሊ ቢሆን ይበቃል። ከሰዓቷ ጎን ከበለጠ ሰዓቷ ትሰጥማለች። ስለ ቆዳውም ነገርኩት። የበጋችን ሌጦ ለጓንት በዓለም የታወቀ ነው፣ ስስና ጠንካራ። ለፎደራ ወደር የለውም። ብቻውን ግን ይለጠጣል። ከላይ የበሬ ቆዳ ያስፈልጋል።

ይሄ ሁሉ ትክክል ነው። ዛሬም ብትጠይቁኝ ይህንኑ ነው የምላችሁ።

የማውቀውን ሁሉ ነገርኩትና የማውቀውን ትቼ ሌላ ሠራሁለት።

ቡንድ የሚሉት ማሰሪያ አለ። ስሙ ከጀርመን ጦር፣ ከቡንደስቬር የመጣ ነው። ከሰዓቱ ሥር ሰፊ ቆዳ ይነጠፋል፤ ብረቱ ገላ እንዳይነካ። አብራሪዎች ያስሩት ነበር። ፎቶውን ካየሁ ጀምሮ አንድ ቀን እሠራዋለሁ ስል ነበር፤ የሚያዘኝ ግን አልተገኘም። አሁን ትንሽ ሰዓትና ትልቅ እጅ በራሳቸው እግር መጡልኝ። ለቀበቶ ካስቀመጥኩት ወፍራም የበሬ ቆዳ ቆረጥኩ። ሥሩ የሚነጠፈውን ብቻ 40 ሚሊ አሰፋሁት። በወስፌ በሳሁ፣ ሰም በተቀባ ክር ሰፋሁ፣ ጠርዙን እስኪያበራ አሸሁት። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ልጁ ሲያስረው ፊቱ በራ። እኔም በራሁ። ጋሼ አዩና ምንም አላሉም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሠርጉ ጥር ላይ ነበር። ከመልሱ በኋላ ልጁ መጣ። አልተቆጣም፤ እሱ ነው የባሰው። ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። ጣና ዳር፣ ዘንባባዎቹ ሥር፣ ሙሽሪት ክንዱን ይዛ። በቀኝ እጁ በኩል ሱፉ ልክክ ብሏል። በግራው የሸሚዙ እጅጌ አልቆለፍ ብሎ ተሰብስቦ እስከ ክንዱ ድረስ ወጥቷል። ከሥሩ ያ ቆዳዬ።

ስለ እጅጌው ፈጽሞ አላሰብኩም ነበር። ሰው ሰዓት የሚያስረው ራቁቱን ክንዱ ላይ ብቻ ይመስል።

"መጀመሪያ ያዩት አክስቴ ናቸው" አለኝ።

"ምን አሉ?"

"'ልጄ፣ እጅህን ምን ሆንክ?' አሉኝ። 'ምንም' አልኳቸው። 'ወለም ብሎህ ነው? ማነው የጠገነህ?' አሉ።"

ዝም አልኩ።

"'ኧረ ሰዓት ነው' ብዬ እጄን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ ብለው አዩት።"

"እሺ?"

"'አዎ፣ ሰዓትም አለበት' አሉ።"

ሰዓትም አለበት። እኔን የምታመኝ ያቺ "ም" ናት። "ሰዓት ነው እንዴ?" ቢሉ ይገባኛል፣ አላወቁትም ማለት ነው። "ያስጠላል" ቢሉም እችለዋለሁ። "ሰዓትም አለበት" ማለት ግን ዋናው ነገር የወጌሻው ሥራ ነው፣ ሰዓቷ ምርቃት ናት ማለት ነው። ሁለት ሌሊት የደከምኩት ሰዓቷ እንድትታይ ነበር። ከኔ ይልቅ ጉዳዩን በሁለት ቃል የገለጹት፣ ቆዳ ቆርጠው የማያውቁ አክስት ናቸው።

ደጅ የተቀመጡት ጋሼ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩ። አልቻሉም። ዓይናቸው ላይ የምትሰካው ማጉያ ወደቀች። እስከ ማታ መንደሩ ሁሉ ሰማ።

ለልጁ እዚያው አስቀምጬ ሌላ ሠራሁለት። ከ18 ወደ 16፣ ጆሮው ጋ 3 ሚሊ፣ ወደ ዘለበቱ እየሳሳ የሚሄድ፣ ማር የመሰለ ቡናማ፣ ነጣ ያለ ስፌት፣ ፎደራው የበግ ሌጦ። ብርማው ፊት ፈካ አለ። እጅጌውን ቆልፎ ፈትቶ ደግሞ ቆለፈ። ሰዓቷ ያደገች መሰለች። ገንዘብ አልተቀበልኩትም።

"መጀመሪያ ያልኩህ እኮ ይኸው ነው" አሉ ጋሼ።

አላሉም። እሳቸው ያሉት ቀጭን ነው፤ ቀጭኑ ደግሞ ልጁን ወደኔ ያመጣው ችግር ነው። ግን በዚያ ሳምንት ለመከራከር ፊት አልነበረኝም።

ያንን ቡንድ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ለራሴ ማስታወሻ እንዲሆን ብዬ ነው። ወር ሳይሞላ አንድ ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስ ባለጀልባ ገባ። እጁ ላይ 37 ሚሊ ሴይኮ 5 አለች፤ የሷም ጆሮ 18 ሚሊ ነው። ግድግዳውን አየና አውርድልኝ አለ። ላስጠነቅቀው ሞከርኩ። ይወፍራል አልኩ። ሙቀት ሲሆን ላብ ይይዛል አልኩ። ውኃ ከነካው ቶሎ አይደርቅም፣ አንተ ደግሞ ውሎህ ውኃ ላይ ነው አልኩ። የአክስቲቱን ጭምር ነገርኩት።

"እኔ እጅጌ ያለው ሸሚዝ አልለብስም" አለ። አስሮት እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ መሪ እንደያዘ ሰው። "ከሩቅ ይታያል አይደል?"

ይታያል። ምን ልበል።

በሳምንቱ ጓደኛው መጣ። ከዚያ የጓደኛው ጓደኛ። እስከ ፋሲካ ስድስት ሠራሁ። ስለ 18ና 16 ለማንም አላስረዳሁም፣ የጠየቀኝም የለም። ለሙሽራው የሠራሁትን ዓይነት ማሰሪያ ደግሞ ሦስት ሠርቼ መስታወት ውስጥ ደርድሬያለሁ። ሦስቱም እዚያው ናቸው።

ትናንት አንድ የማላውቀው ሰው በሩ ላይ ቆመ።

"ያ የወጌሻ የሚባለው ማሰሪያ የሚሠራው እዚህ ነው?"

አፌን ሳልከፍት ጋሼ ከደጅ ቀደሙኝ። "ግባ፣ ግባ" አሉት፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። "ወጌሻው እሱ ነው።"